ከራስጌ የወረደው ጉጠት

ጎበዝ፣ አንድ ጊዜ ጸጥ በሉልኝ። አንተም ዘካሪያ፣ ወንበር ማስተካከሉን ተውና ተቀመጥ፤ ዛሬ አለቃ አይደለህም፣ እንግዳ ነህ። ያላ፣ እንጀምር!

እንኳን ወደ ኤን ጋኒም ሰፈር ክበባችን በደህና መጣችሁ። ሆስፒታሉ ማክሰኞ ዕለት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ኬክ ቆርሶ አያ ሹሜን ሸኝቷቸዋል። ሽኝቱ ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም። ንግግር ያደረገችው ልጅ ስማቸውን ከወረቀት አይታ ነው የጠራችው። እኛ ስማቸውን ከወረቀት የምናነብ ሰዎች ስላልሆንን፣ ይኸው ከጧቱ ፈረቃ መልስ በራሳችን ቋንቋ ልንሸኛቸው ተሰበሰብን። የማታውቁኝ ካላችሁ ቢራራ እባላለሁ፤ ሆስፒታሉ ውስጥ አልጋ ገፊ ነኝ። ደፋር ነህ ተናገር ብለው ነው ያቆሙኝ። ደፋር አለመሆኔን ትንሽ ቆይታችሁ ትሰሙታላችሁ።

አያ ሹሜ ሥራ የገቡ ዕለት እኔ አልነበርኩም፤ የነበረው ዘካሪያ ነው። የየመን ተወላጅ ነው፣ አማርኛ አይሰማም፤ ግን ስማቸውን ስጠራ ይኸው መሳቅ ጀመረ፤ ምን እንደማወራ ገብቶታል።

በሰባ ስምንት ነው፣ በዚህ አገር አቆጣጠር። ዘካሪያ የጽዳት አለቃ ነበር። አያ ሹሜን ባልዲና መወልወያ አስይዞ ሦስተኛ ፎቅ ያወጣቸዋል። በኮሪደሩ መጨረሻ ያለውን በር ይከፍትላቸውና "ይህን ክፍል ወልውል" ብሏቸው ይሄዳል። አያ ሹሜ ይገባሉ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መደርደሪያ፤ መደርደሪያው ላይ አርባ የራስ ቅል፤ ግማሹ መንጋጋው በሽቦ ታስሯል። ሰውዬው ደንግጠው ወደ ኋላ ሲሉ ክርናቸው አንዱን ይነካውና ይወድቃል። መሬት ሳይደርስ በሁለት እጃቸው ይቀልቡታል። ቀስ አድርገው ወደ ቦታው ይመልሱታል። ባልዲውን እዚያው ትተው፣ ደረጃውን ወርደው፣ በእግራቸው ቤታቸው ይገባሉ።

አንድ ቀን ጠፉ። ሁለት ቀን ጠፉ። በስምንተኛው ቀን ገላቸውን ታጥበው፣ ልብሳቸውን አጥበው፣ በጧት ዘካሪያ ፊት ቆሙ።

"የት ነበርክ?" አላቸው።

"ሬሳ ነክቼ።"

"የምን ሬሳ?"

"ፎቅ ላይ የደረደራችሁት ነዋ! ሬሳ የነካ የሚረክስበትን ሰባት ቀኔን ጨርሼ መጣሁ። እናንተ ግን አታፍሩም? አርባ ሰው ሳትቀብሩ!"

ይህ ሁሉ በምልክትና በተሰባበረ ዕብራይስጥ ነው። ዘካሪያ እጃቸውን ይዞ አወጣቸውና አንዱን ራስ ቅል በጥፍሩ ፋቀላቸው። ነጭ ዱቄት ወረደ። ጄሶ ነው! አያ ሹሜ ዱቄቱን አዩት፣ ዘካሪያን አዩት። "ታዲያ ይህን ከሰባት ቀን በፊት አትነግረኝም?" አሉት።

እውነት ነው አያ ሹሜ? እሺ፣ ዝም ማለት መስማማት ነው ብዬ እቀጥላለሁ።

እኅቶቼ፣ ፋብሪካና ሰው ቤት የምትሠሩ ይህን ክፍል አታውቁትም። ከአገሩ ሁሉ የሚመጡ ወጣት ሐኪሞች የተሰበረ ፊት መጠገን የሚማሩበት ነው። በመኪና የተገጨ፣ ማሽን የመታው፣ ጦር ሜዳ የቆሰለ፣ ጉንጩ የገባ፣ መንጋጋው ለሁለት የተከፈለ ሰው ይመጣል። ሐኪሙ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት ጄሶው ላይ ይለማመዳል። በሽቦ ያስራል፤ አሁን አሁን ደግሞ በጥቃቅን ብሎን የምትያዝ ቀጭን ብረት አለች፣ እሷን አጥንቱ ላይ አጣጥፎ ይገጥማል።

አያ ሹሜ ደግሞ ወገራ ሳሉ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። ጎረቤቱ በቀን ክፉ ስም እያወጣላቸው፣ ማረሻው ሲሰበር ግን ደጃቸው ላይ የሚቆም እሱው ነበር። ስለዚህ ብረት በሐኪሞቹ እጅ ሲበጠስ እየሰሙ መወልወል አልቻሉም። ሦስት ቀን ታገሡ። በአራተኛው ቀን የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ሞሼ ራሱ ሽቦ እየጠመዘዘ፣ ጠቅ! ተበጠሰበት። ሌላ አመጣ፤ ጠቅ! አያ ሹሜ መወልወያቸውን ግድግዳ አስደገፉና "ሎ ካካ" አሉት፤ እንዲህ አይደለም።

የጽዳት ሠራተኛ ዶክተር ሲያርም ማን አይቶ ያውቃል? አያ ሹሜ ጉጠቱን ከእጁ ተቀበሉ። ሽቦውን መጀመሪያ ሳቡት፤ እየሳቡ ጠመዘዙት፤ ልክ ሲደርስ ቆሙ። አልተበጠሰም። ዶክተር ሞሼ "መቼ እንደምትቆም በምን አወቅህ?" ቢላቸው፣ አውራ ጣታቸውን አሳዩት። በሳምንቱ መወልወያው ለሌላ ሰው ተሰጠና እሳቸው የልምምድ ክፍሉ ሰው ሆኑ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከሆስፒታሉ የመጣችሁ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሐኪሞቹን ቁም ስቅላቸውን አሳዩአቸው! ሽቦ ሁሉ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል፤ ነገ የሚፈታው ሌላ ሰው ስለሆነ እንዳይቸገር። የሽቦው ጫፍ ከታጠፈ በኋላ ጥጥ ይታሽበታል፤ የጥጡ ክር ከያዘ ሥራው ፈርሶ እንደገና ይሠራል። "ይህ ከንፈር ቢሆን ኖሮ?" ይላሉ፤ ሌላ ንግግር የለም። ከሁሉ የባሰችው ደግሞ "ጥርሱን ጠይቀኸዋል?" የምትለዋ ነበረች። ወጣቱ ሐኪም አጥንቱን አገናኝቶ፣ ብረቷን በብሎን አስሮ፣ ኮራ ብሎ ያሳያቸዋል። እሳቸው የላይኛውንና የታችኛውን ጥርስ ያገጥሙታል። በወረቀት ውፍረት ከተዛነፈ "ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንጀራ ሲያኝክ ይረግምሃል" ብለው ብሎኑን ይፈቱታል። መጀመሪያ ጥርሱ ይግጠም፣ አጥንቱ ከዚያ በኋላ ነው። ለሐኪሞች ነበር ይህን የሚሉት፤ እነሱም "በሰደር፣ እሺ አባ ሹሜ" ብለው እንደገና ይጀምሩ ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ ዶክተር ሞሼን "በሽተኛው ምን እንደሚሰማው ሳታውቅ እንዴት ታስተምራለህ?" ብለው አስቀመጡትና ጥርሱን በሽቦ አሰሩት። እስከ ቀትር እንደታሰረ እንዲቆይ ተባለ። በዚህ መሀል ሚስቱ ስልክ ደወለች። "ሞሼ?" "ምምም።" "ሞሼ፣ ማን አለ አጠገብህ?" "ምምም!" ሰውዬው ላብ በላብ ሆኖ ወረቀት ላይ "ፍቱኝ" ብሎ ጽፎ ሰጣቸው። አያ ሹሜ ወረቀቱን ገለባበጡት፣ "ጽሕፈትህ ያምራል" አሉና ኪሳቸው ከተቱት።

ግን ያን ቀን ሲያስሩት፣ መጀመሪያ የሽቦ መቁረጫውን ጉጠት በገመድ አንገቱ ላይ አንጠለጠሉለት። ይህን ልብ በሉልኝ። አፉ የታሰረ ሰው ድንገት ቢያስመልሰው መውጫ የለውም፤ ይታፈናል። ስለዚህ ጉጠቱ ከአልጋው ራስጌ፣ እጅ ከሚደርስበት ቦታ አይለይም። እዚያ ክፍል የተማረ ሐኪም ሁሉ ከሽቦው በፊት የሚማረው ይህን ነው።

እስካሁን የሳቃችሁት ይበቃል። ከዚህ በኋላ ያለው አያስቅም።

አይ አያ ሹሜ፣ እጅዎን አያውለብልቡ። ዛሬ አይከለክሉኝም። ሁለት ዓመት ተከልክያለሁ።

አስናቁ እዚያ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። እንዲመጣ ሦስት ጊዜ ለመንኩት። "ያ ሰውዬ ባለበት አልገኝም" አለኝ፤ "ለእኔ ስትል" ብዬ ነው ያመጣሁት። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የምታውቁት ግን ልክ አይደለም።

በሰማንያ አራት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ አስናቁ ሰጉላ ፋብሪካ ሰፈር በሚሠራበት ቶርኖ ቤት ከመሰላል ወደቀ። መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰበረ። ዓርብ ጧት ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ጥርሱ በሽቦ ታሰረ። ከቀትር በኋላ አልጋውን ወደ ማሕላካው፣ ተኝቶ ወደሚታከምበት ክፍል የገፋሁት እኔ ነኝ። በሱዳን በኩል ከመጣሁ ሁለት ዓመት፣ ሥራ ከጀመርኩ አምስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። አስናቁ በመድኃኒት ተኝቷል። ራስጌው ብረት ላይ በነጭ ፕላስተር የተለጠፈ ጉጠት አየሁ።

በአገራችን ቀጥቃጭ ዓርብ ቀትር ላይ እሳቱን አጥፍቶ፣ መዶሻና ጉጠቱን ከዓይን ሰውሮ ነው ሰንበትን የሚቀበል። አባቴም ቀጥቃጭ ነበር፤ የሥራ ብረት በሰንበት ዓይኑ ፊት አይቀመጥም። እኔ ጉጠቱን ሳይ አንድ ሠራተኛ አልጋ ሲጠግን የረሳው መሰለኝ። ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። የእኛ ሰው ሰንበትን የሥራ ብረት ራስጌው ተለጥፎበት ሊያሳልፍ? ነውር ሆነብኝ። ፕላስተሩን ላጥኩት፤ ጉጠቱን በጨርቅ ጠቅልዬ በኮሪደሩ ጫፍ ካለው ቁም ሳጥን ከተትኩት። ተመልሼ "ሰንበት ሰላም፣ ወንድሜ" አልኩት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ደስ እያለኝ ወጣሁ።

አዎ አስናቁ። እኔ ነኝ ያነሳሁት።

እትዬ ፋንትነሽ፣ ይኸው ፊትዎን እያየሁት ነው። ለእርስዎም አልነገሩዎትም አይደል? ለሚስታቸው እንኳ አልነገሩም።

አያ ሹሜ ዓርብ ዓርብ ቤት ከመሄዳቸው በፊት አፋቸው የታሰረባቸውን በሽተኞች አንድ በአንድ ዞረው ያዩ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም። ያን ዕለት ሲገቡ አስናቁን አስመልሶታል፤ ፊቱ ጠቁሯል፤ እጁ አንሶላውን ይቧጥጣል። ወደ ራስጌው እጃቸውን ሰደዱ፤ የለም። ነርሷን ጮኸው ጠሩ፤ እሷ ስትፈልግ እሳቸው ወደ ሦስተኛ ፎቅ በደረጃ ሮጡ። ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ከልምምድ ክፍሉ ጉጠት ይዘው ተመልሰው ሽቦዎቹን ቆረጡ። አስናቁ ተረፈ። ግን ያለ አየር የቆየባቸው ደቂቃዎች አንድ ነገር ይዘውበት ሄዱ፤ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቃል ይጠፋበታል፣ ወደ ቶርኖው አልተመለሰም። አስናቁን ያሳጣሁትን አውቃለሁ። በየቀኑ አውቀዋለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ጸሎት ላይ ሰው ሲያወራ ሰማሁ፤ አስናቁ በአንድ ጉጠት መጥፋት ሊሞት ነበር አሉ። አያ ሹሜ ቤት ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንስተው አስቀመጡኝ። ከዚያ "ስለ ጉጠቱ ማን ነግሮህ ነበር?" አሉኝ። "ማንም" አልኳቸው።

"እንግዲያው ስማ" አሉኝ። "ሐኪሞቹን ስድስት ዓመት አስተማርኩ። አልጋውን የምትገፋውን አንተን አላስተማርኩም። ከቀዶ ጥገናው ክፍል አልጋ እየገፋህ ስትወጣ ሁልጊዜ አይሃለሁ፤ አንድ ቀን ጠርቼ አልነገርኩህም። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"አያ ሹሜ፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት!"

"ሦስት ልጅ አለህ። ክቪዑት እስክታገኝ አፍህን ዝጋ።"

ክቪዑት የሥራ ዋስትና ነው፤ እሱን ሳታገኝ ጥፋት ከተገኘብህ በነጋታው ትባረራለህ። እሑድ ጧት አሰለፉን። አለቆቹ "ጉጠቱን ማን አነሳ?" ብለው ጠየቁ። አፌን ልከፍት ስል እሳቸው አንድ እርምጃ ወደፊት ወጡ። "አኒ" አሉ። እኔ።

ለምን እንዳነሱት ጠየቋቸው፤ አልመለሱም። በዚያው ቀን የልምምድ ክፍሉን ቁልፍ ተቀብለው ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ አወረዷቸው። የማክሰኞውን ኬክ የቆረሱት እዚያ ነው።

ሁለት ዓመት አንሶላ ጫኑ፣ አንሶላ አወረዱ። አንድ ቀን አላማረሩም። እኔ ግን አንድ ነገር አይቻለሁ፤ እንዳየሁ አያውቁም። በምሳ ሰዓት ባዶ አልጋ እየገፋሁ በሦስተኛ ፎቅ ሳልፍ፣ አያ ሹሜ በተዘጋው የልምምድ ክፍል በር አጠገብ ቆመው ነበር። ውስጥ ሽቦ ጠቅ ይላል፤ አንድ ጀማሪ ሐኪም እየበጠሰ ነው። የእሳቸው ቀኝ እጅ በአየር ላይ ይስባል፣ ከዚያ ይጠመዝዛል። ይስባል፣ ይጠመዝዛል። አልጋዬን ወደ ኋላ ጎትቼ በሌላ መንገድ ሄድኩ። ገብቼ ይቅርታ ማለት ይገባኝ ነበር። ሸሸሁ።

የእኛስ ሰው? ለሲግድ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ስንሄድ አውቶቡሱ ሞልቶ ሰው ቆሞ ሲሄድ፣ ከአያ ሹሜ ጎን ያለው ወንበር ባዶ ነበር። እትዬ ፋንትነሽ ለአስናቁ እናት ለእማማ ይታየሽ ምግብ ይዘው ቢሄዱ፣ እንቢ ተብለው እንደተከደነ ይዘውት ተመልሰዋል። ሰው "ዶክተር ነኝ ብሎ ኮርቶ፣ የወገኑን ልጅ ሊገድል" ሲል ሰምቻለሁ። ሰማሁና ሻዬን ጠጣሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ካልጨመርኩ ግማሹን ዋሽቻለሁ። ክቪዑቱን ካገኘሁ አሥራ አንድ ወር ሆነኝ። አሥራ አንዱን ወር ዝም ያልኩት በእሳቸው ትእዛዝ አይደለም። ፈርቼ ነው። ነገ እላለሁ፣ ከበዓል በኋላ እላለሁ እያልኩ፣ ሰውዬው ጡረታ ወጡ። ወደዚያ ክፍል ሊመለሱ ይችሉ የነበረበትን አሥራ አንድ ወር እኔ በላሁባቸው። ያንን ማንም አይመልስላቸውም፤ እኔም ብሆን።

ዛሬ ጧት ደብዳቤ ጽፌ ለዶክተር ሞሼ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። መነጽሩን አወለቀ። "ሁለት ዓመት ሙሉ?" አለኝ። "ሁለት ዓመት" አልኩት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እሱም ሳይጠይቅ ጥፋተኛ ናቸው ብሎ አምኖ ነበር። እሑድ ምን እንደሚወስኑብኝ አላውቅም፤ ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ፤ ተዘጋጅተናል።

አያ ሹሜ፣ አመሰግንዎታለሁ ማለት አፌ ላይ ይከብደኛል። በቤቴ የሚበላው እንጀራ፣ ልጆቼ የለበሱት ጫማ፣ ሁሉ በእርስዎ ስም ላይ የቆመ ነው። በዚህ አገር ስንት ሰው ዛሬ ጥርሱ ገጥሞ ያኝካል፣ ይስቃል፣ ልጁን ይስማል፤ ያዳነው ሐኪም በእርስዎ እጅ የተማረ መሆኑን አያውቅም። ስምዎ በየትኛውም ግድግዳ ላይ አልተጻፈም። ይህን ሁሉ አድርገው በገዛ ወገንዎ መሀል ሁለት ዓመት አንገትዎን ደፍተው ሄዱ። ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ከድሮም ይቅር ብለውኛል፤ ያም ነው የሚያቃጥለኝ።

አስናቁ... ተነስተሃል። ና፣ አልሸሽም። ቢመታኝ ማንም እንዳይዘው፣ ተዉት።

ወደ እኔ አይደለም። መንገድ ስጡት፣ ወንበሩን አንሱለት... አያ ሹሜ ጋ ነው። አያ ሹሜ፣ ጉልበትዎን ይስም፣ አይከልክሉት። እሺ፣ ያንሱት፤ ያቅፉት። እትዬ ፋንትነሽ፣ አያልቅሱ... እሺ ያልቅሱ፣ ማንስ ሊከለክልዎ።

እንግዲህ ጠላው ይቀዳ። ሁላችሁም ቁሙ፤ ዘካሪያ፣ አንተም። አያ ሹሜ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ። ጎንደር የቀረችው ልጅዎ አዝመራ መጥታ ደጅዎን ታንኳኳ። ከዛሬ ጀምሮ በመንገድ ሲሄዱ ቀድሞ ሰላም የማይልዎት ሰው አይኑር። ጎረቤት ስለዚያ ጉጠት ከጠየቃችሁ፣ "ያነሳው ቢራራ ነው፣ ራሱ ተናግሯል" በሉ፤ ስሜን ጠርታችሁ በሉ።

ለአያ ሹሜ፣ ለሐይም! ለሕይወት!

ጠጡ እናንተ። የእኔ ብርጭቆ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ይቆይ። አስናቁ ጠጣ ካለኝ እጠጣዋለሁ።